ከፖስት ካርዱ ሥር የሰጠሙ መንደሮች

እስቲ ፎቶ ቤት ገብቶ የማያውቅ እጁን ያውጣ። የለም አይደል? እንግዲያው ከጀርባችን የተሰቀለችውን ሥዕል ሁላችንም እናውቃታለን ማለት ነው፤ አረንጓዴ ኮረብታ፣ እየተጠማዘዘ የሚወርድ ወንዝ፣ የድንጋይ ድልድይ፣ ጭስ ማውጫ ያላት ሾጣጣ ቤት። እቤታችን ሳሎን የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ላይም እሷው ነበረች። ዛሬ ደግሞ ኮምፒውተራችን ላይ ሆና ጠዋት ጠዋት እንደምን አደራችሁ ትለናለች። አንድ ነገር ግን ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ሰው የለባትም። በጎች አሉ፤ እረኛ የለም። ቤት አለ፤ የቤቱ ባለቤት የለም። ድልድይ አለ፤ ተሻጋሪ የለም።

እኛም ይህችን ሥዕል ዓይተን "ፈረንጅ እኮ ገጠሩን እንኳ እንዴት አድርጎ እንደሚይዘው!" ስንል አድገናል። "እነሱ ተፈጥሮን ያከብራሉ፤ ታሪካቸውን ይጠብቃሉ፤ እኛ ነን እንጂ..." የሚለውን ቅጥያም ታውቁታላችሁ። ዛሬ ልንጣላ የመጣነው ከዚህች ዓረፍተ ነገር ጋር ነው።

ክርክራችን አጭር ነው። የእንግሊዝ ገጠር ውበት ተፈጥሮ ብቻ አይደለም፤ ውሳኔ ነው። አንድ ሰው ወይም አንድ ቦርድ ቁጭ ብሎ የወሰነው፣ ሌላ ሰው ደግሞ ዕቃውን ጠቅልሎ የከፈለበት ውሳኔ። ጋዜጠኝነት ስንማር መጀመሪያ ከሚነገሩን ነገሮች አንዱ ከፎቶ ሥር የሚጻፈው መግለጫ "ማን?" የሚለውን ጥያቄ መመለስ እንዳለበት ነው። ይህች ፖስት ካርድ "የት?" የሚለውን ትመልሳለች። "ማን?" ሲሏት ግን ዝም ትላለች። ዝምታዋን ለመስበር አንድ ሸለቆ ብቻ ይበቃናል።

ሸለቆው ደርዌንት ይባላል። ደርቢሻየር በሚባለው የመካከለኛው እንግሊዝ ክፍል፣ ከሰሜኑ ደጋ ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚወርድ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ወንዝ የሠራው ሸለቆ ነው። የላይኛው ክፍሉ እ.ኤ.አ. በ1951 የብሪታንያ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ በሆነው በፒክ ዲስትሪክት ውስጥ ይገኛል። (ከዚህ በኋላ የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እንግሊዛውያን ራሳቸው "ውብ ገጠር" ሲሉ ከሚጠሯቸው ቦታዎች አንዱ ነው። በዚህ አንድ ሸለቆ ውስጥ አንዷ መንደር ለዓይን ስትባል ተነሥታለች፤ አንዷ ለፋብሪካ ስትባል ተሠርታለች፤ ሁለቱ ደግሞ ለውኃ ሲባል ሰጥመዋል። በተራ እንሂድ።

እይታ የጋረደች መንደር

በሸለቆው መሀል ቻትስዎርዝ የሚባል ግዙፍ ቤተ መንግሥት የመሰለ መኖሪያ አለ፤ የዴቮንሻየር መሳፍንት ቤት ነው። ፊልም የምትወዱ ሰዎች ሳታውቁት አይታችሁት ይሆናል፤ በ2005 የወጣው "ፕራይድ ኤንድ ፕረጀዲስ" ውስጥ የሚስተር ዳርሲ ቤት ሆኖ የሠራው እሱ ነው። ከፊቱ ያለውን መስክ ያየ ሰው እግዚአብሔር ራሱ በእጁ ለስልሶ ያስተካከለው ይመስለዋል። እግዚአብሔር አይደለም። በ1760ዎቹ አራተኛው መስፍን ላንሰሎት ብራውን የተባለውን የዘመኑን ዝነኛ መልክዓ ምድር ነዳፊ ቀጠረ። ብራውን አፈሩን አስተካከለ፣ ዛፍ ተከለ፣ ወንዙን ሳይቀር ከመስኮት ሲታይ ዓይን እንዲሞላ አደረገው። የሥራው ጥበብ ሥራ እንዳልሆነ ማስመሰሉ ነበር።

በዚህ ሁሉ መሀል አንዲት የማትመች ነገር ነበረች፤ ኤደንሶር የምትባል መንደር። (አገሬው ሲጠራት "ኤንዘር" ነው የሚላት።) ከቤተ መንግሥቱ መስኮት የሚታየው የመንደሯ ክፍል ፈረሰ። የቀረውን ስድስተኛው መስፍን ጨረሰው፤ ከ1838 እስከ 1842 ባሉት ዓመታት መንደሯ ከእይታ ውጪ፣ ከኮረብታው ጀርባ እንደገና ተሠራች። አዲሶቹ ቤቶች ያምራሉ፤ አንዱ የስዊስ፣ አንዱ የጣሊያን፣ አንዱ የጥንት እንግሊዝ አሠራር ይዞ ጎን ለጎን ቆሟል። ሥራውን ከመሩት አንዱ የመስፍኑ አትክልተኛ ጆሴፍ ፓክስተን ነበር፤ በኋላ በ1851 ለንደን ላይ የቆመውን ክሪስታል ፓላስ የነደፈው ያው ሰው።

ከአሮጌዋ መንደር በቦታዋ የቀረች አንዲት ቤት ብቻ ናት። ሜዳው መሀል ግንብ አጥራ ብቻዋን ቆማለች። ለምን ሳትፈርስ እንደቀረች የሚወራው ብዙ ነው፤ ከሚነገሩት አንዱ በውስጧ ይኖር የነበረው ሽማግሌ "አልለቅም" በማለቱ መስፍኑ እንደተወው ነው። ወሬው እውነት ይሁን አይሁን፣ አገሬው ለቤቲቱ ያወጣላትን ስም ስሙልን፤ "የናቡቴ የወይን ቦታ"። የናቡቴን ታሪክ ሰንበት ትምህርት ቤት ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። ንጉሥ አክዓብ የጎረቤቱን የወይን ቦታ ተመኘ፤ ናቡቴ "የአባቶቼን ርስት አልሰጥም" አለ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ። የደርቢሻየር ገበሬ ጋዜጣ አልነበረውም፤ ብሎግም አልነበረውም። መጽሐፍ ቅዱስ ግን ነበረው። መልእክቱን በአንዲት ቤት ስም ላይ ጽፎ ትቶልናል። በቤቲቱ በኩል ማን ናቡቴ፣ ማን አክዓብ እንደሆነ ለመረዳት የታሪክ ዲግሪ አያስፈልግም።

ዛሬ ኤደንሶር የሚሄድ ጎብኚ መቃብር ቦታው ውስጥ የሚፈልገው የካትሊን ኬኔዲን መቃብር ነው። የፕሬዚዳንት ኬኔዲ እኅት የመስፍኑን ልጅ አግብታ ነበር፤ ፕሬዚዳንቱም በ1963 መቃብሯን ሊጎበኙ መጥተዋል። ጥሩ ነው፤ ይታወስ። ግን ከመስኮቱ ፊት እንዲነሡ የተደረጉትን ሰዎች ስም የሚጠይቅ ጎብኚ ስንት ነው?

ለፋብሪካ የተሠራች መንደር

ወንዙን ተከትለን ወደ ታች እንውረድ። ክሮምፎርድ እንደርሳለን። በ1771 ሪቻርድ አርክራይት የተባለ ሰው እዚህ በውኃ ኃይል የሚሠራ የጥጥ መፍተያ ፋብሪካ አቆመ። ዛሬ የዓለም ሕዝብ በደወል ገብቶ በደወል የሚወጣበት የሥራ ሥርዓት ከተወለደባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸ ሸለቆ ነው። ማሽኑ ቀንም ሌሊትም በፈረቃ ይሽከረከር ነበር። ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ሴቶችና ልጆች ነበሩ። ሸለቆው ውስጥ በቂ ሠራተኛ ስላልነበረ አርክራይት ቤት ሠርቶ ቤተሰብ አስመጣ። ከሠራቸው ረድፍ ቤቶች አንዱ ኖርዝ ስትሪት ላይ ዛሬም ቆሟል፤ ባለ ሦስት ፎቅ ሲሆን የላይኛው ፎቅ ለሸማ ሥራ ብርሃን እንዲያስገባ ረዘም ያለ መስኮት አለው። ቤትህ ከፋብሪካው፣ ሥራህ ከፋብሪካው፣ እንቅልፍህም ከፋብሪካው ማለት ነው።

ጥጡስ ከየት ይመጣ ነበር? እዚህ ላይ ነው ፖስት ካርዷ ጨርሶ የምትደነቁረው። ጥጥ ደርቢሻየር አይበቅልም። ከካሪቢያን ደሴቶች፣ በኋላም ከደቡብ አሜሪካ ግዛቶች፣ በባርነት በተያዙ አፍሪካውያን እጅ ተለቅሞ ይመጣ ነበር። ስለዚህ "ጸጥ ያለው የእንግሊዝ ገጠር" የምንለው ቦታ ጸጥታው የተገዛው በሌላ አህጉር ጩኸት ነው። በ2001 የደርዌንት ሸለቆ ፋብሪካዎች በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። መመዝገባቸውን አንቃወምም፤ የሰው ልጅን ኑሮ የለወጠ ቦታ ነው። የምንቃወመው ከቅርሱ ውስጥ ማሽኑን አውጥቶ አሳይቶ እጁን መደበቅን ነው።

ውኃ የበላቸው መንደሮች

አሁን ወንዙን ወደ ላይ እንመለስ። የፋብሪካው ሥርዓት ከተሞችን አሳበጠ፤ ያበጠ ከተማ ደግሞ ይጠማል። በ1899 ደርቢ፣ ሌስተር፣ ኖቲንግሃምና ሼፊልድ ውኃ የሚያገኙበት የደርዌንት ሸለቆ የውኃ ቦርድ በሕግ ተቋቋመ። መጀመሪያ ሃውደንና ደርዌንት የሚባሉ ሁለት ግድቦች ተሠሩ፤ አንዱ በ1912፣ ሌላው በ1916 አለቀ። ለእነዚህ ግድቦች ሠራተኞች ቢርቺንሊ የምትባል የቆርቆሮ መንደር ተሠራች። ቀልድ አይደለም፤ "የቆርቆሮ ከተማ" ነበር የሚሏት። ወደ 900 የሚጠጋ ሰው ኖሮባታል፤ ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል፣ መጠጥ ቤት፣ ባቡር ጣቢያ ሁሉ ነበራት። ግድቡ ሲያልቅ ቆርቆሮው ተነቅሎ ተሸጠ። እዚያ የተወለዱ ልጆች "አገርህ የት ነው?" ሲባሉ የሚያሳዩት ነገር አልነበራቸውም።

ሁለት ግድብ አልበቃም። ከ1935 እስከ 1943 ሌዲባወር የተባለው ሦስተኛው ግድብ ተሠራ። በዚህኛው መንገድ ላይ ሁለት መንደሮች ነበሩ፤ ደርዌንትና አሾፕተን። ደርዌንት ቤተ ክርስቲያን ነበራት፤ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቆመ ትልቅ የባላባት ቤት ነበራት፤ ነጋዴ ጭነቱን በፈረስ ጭኖ የሚሻገርበት ጠባብ የድንጋይ ድልድይ ነበራት። አሾፕተን የመንገደኛ ማረፊያ ነበረች። ቤቶቹ ፈረሱ። መቃብር ውስጥ የነበሩ አስከሬኖች ወጥተው ባምፎርድ በምትባል ጎረቤት መንደር እንደገና ተቀበሩ። ውኃው ከ1943 ጀምሮ እየሞላ መጣ። በመስከረም 1945 ንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛ መጥተው ግድቡን መረቁ።

የቤተ ክርስቲያኑ ማማ ብቻ ሆን ተብሎ ለመታሰቢያ ቀረ። ውኃው መሀል ብቻውን ቆሞ ለሁለት ዓመት ያህል ታየ። በታኅሣሥ 1947 ለደኅንነት ያሰጋል ተብሎ በፈንጂ ፈረሰ። የሚያስታውስ ነገር እንኳ ሲያስቸግር እንዲህ ነው የሚደረገው።

የድልድዩን ዕጣ ደግሞ ስሙ። ድልድዩ ድንጋይ በድንጋይ ተነቅሎ፣ ተጠብቆ ቆይቶ፣ በኋላ ከላይኛው የውኃ ማጠራቀሚያ ራስጌ ስሊፐሪ ስቶንስ በሚባል ቦታ እንደገና ተተከለ። ዛሬ ተራራ ወጪዎች ይሻገሩበታል። ድልድዩ በመዳኑ ደስ ብሎናል። ግን ተመልከቱ፤ ድልድይን እንደነበረ ነቅሎ እንደነበረ መትከል ይቻላል። መንደርን አይቻልም። መንደር ማለት የማን ላም የማን ማሳ ውስጥ እንደገባች፣ የማን ልጅ ከማን ጋር እንደተጣላ፣ ማን የማንን ሬሳ እንደተሸከመ የሚያውቁ ሰዎች ስብስብ ነው። ይኸንን ድንጋይ በድንጋይ ቆጥሮ የሚነቅለው መሐንዲስ እስካሁን አልተወለደም።

በ1976፣ በ1995፣ በ2018 እና በ2022 ድርቅ ሲመታ ውኃው ሸሽቶ የደርዌንት ፍርስራሽ ብቅ አለ። በ2018 ሰው ጎርፍ ሆኖ ሊያይ ሄደ፤ ጭቃ ውስጥ ተሰንቅሮ በነፍስ አድን ሠራተኞች የወጣም ነበር። ያን ጊዜ የወጡትን ፎቶዎች ዓይተናቸዋል። የበር መቃን፣ የምድጃ ድንጋይ፣ የግንብ ፍራሽ። ሰው ከጎኑ ቆሞ ይሥቃል። ፎቶ ቤቷ ሥዕል ትዝ አለችን፤ ልዩነቱ ይኸኛው ሥዕል መጋረጃው ሲቀደድ የተነሣ መሆኑ ነው።

"ታዲያ ሕዝቡ ውኃ አይጠጣ?"

ይቺን ጥያቄ እንደምታነሡ እናውቃለን። ተገቢ ጥያቄ ናት፤ አንሸሻትም። አራት የኢንዱስትሪ ከተሞች ንጹሕ ውኃ ያስፈልጋቸው ነበር። ቆሻሻ ውኃ የሚገድለው በመጀመሪያ የድሃውን ልጅ ነው። ከሌዲባወር ውኃ የዳነውን ሕፃን ቁጠሩ ብትሉን ቁጥሩ ትንሽ እንደማይሆን እናምናለን። ደግሞም እውነቱን እንናገር፤ ቦርዱ የተነሡትን ሰዎች ሜዳ ላይ አልጣላቸውም። ከግድቡ በታች ዮርክሻየር ብሪጅ በሚባል ቦታ የድንጋይ ቤቶች ሠርቶላቸዋል፤ ቤቶቹ ዛሬም ሰው ይኖርባቸዋል። ይህ ከብዙ አገር የተሻለ ነው።

ግን ልብ በሉ፤ እኛ "ግድብ አይሠራ" አላልንም። ያልነው "ያለ ዋጋ የተገኘ አታስመስሉት" ነው። ሁለቱ ይለያያሉ። "ልማት መሥዋዕትነት ይጠይቃል" የሚለው አባባል የሚያናድደን ውሸት ስለሆነ ሳይሆን ግማሹ ስለተቆረጠ ነው። መሥዋዕት የሚያቀርበውና በረከቱን የሚበላው አንድ ሰው ሲሆን መሥዋዕት ይባላል። አንዱ ሲሠዋ ሌላው ሲበላ ስሙ ሌላ ነው። ደርዌንት የሰጠመችው ለሌስተር ነው። ኤደንሶር የተነሣችው ለአንድ መስኮት ነው። ውኃና መስኮት እኩል አይደሉም፤ ሁለቱንም "ለውጥ" ብሎ በአንድ ከረጢት የሚከት ሰው ሆን ብሎ እያታለለን ነው።

ደግሞ "የዘመኑ አስተሳሰብ ነው፤ ማንም አልጠየቀም" የሚል መከራከሪያ አለ። ጠይቀዋል እንጂ! ከሸለቆው በላይ ያለው ኪንደር ስካውት የሚባል ደጋ ለአደን ተብሎ ለመሳፍንትና ለባለሀብቶች የተከለለ ነበር። ሚያዝያ 24 ቀን 1932 ከማንቸስተርና ከአካባቢው የመጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወጣት ሠራተኞች "መሬቱን መርገጥ መብታችን ነው" ብለው ክልሉን ጥሰው ወጡ። ከመሪዎቹ አንዱ ቤኒ ሮትማን የሃያ ዓመት ወጣት ነበር። አምስት ሰዎች ታሰሩ። የተጣሰው መሬት ባለቤት ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የዴቮንሻየር መስፍን፤ የቻትስዎርዙ ቤት። በ2002፣ ልክ በሰባኛው ዓመት፣ አሥራ አንደኛው መስፍን ለዚያ በደል በአደባባይ ይቅርታ ጠየቁ። እናከብራቸዋለን። ግን ሒሳቡን እንሥራ፤ አምስት ወጣቶች የታሰሩት በሳምንታት ውስጥ ነው፤ ይቅርታው የመጣው በሰባ ዓመት።

ስለዚህ ዛሬ "ፈረንጅ ተፈጥሮን ያከብራል" ብለን የምናደንቀው ክፍት ደጋ የተከፈተው በመከበር አይደለም፤ በመታሰር ነው። ፓርኩን ከሰማይ ያወረደው የለም። ይህን የማያውቅ ወጣት ፓርኩን ዓይቶ ፓርኩን ብቻ ይመኛል። ፓርኩ ግን ብቻውን አይመጣም፤ የሚጠይቅ ሰው አብሮት ካልመጣ ለሥዕል እንጂ ለሰው አይሆንም።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው?

በሼፊልድ ከተማ የሚኖሩ የሐበሻ ልጆች አሉ። ሼፊልድ በ2007 ለስደተኞች "የመጠለያ ከተማ" ነኝ ብላ ያወጀች የመጀመሪያዋ የብሪታንያ ከተማ ናት። ከሸለቆው የሚመጣው ውኃ በዋሻ አቋርጦ እዚያው ከተማ ይገባል። እንግዲህ ከአገሩ ተነቅሎ የሄደ ሰው ቡና ሲያፈላ ጀበናው ውስጥ ከሚገባው ውኃ ከፊሉ ሌሎች ሰዎች ከተነቀሉበት ሸለቆ የመጣ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ይህን የምንለው የማንንም ቡና ለማምረር አይደለም። ይጠጣ፤ ውኃው ይገባዋል። ግን እሱ ከሁላችንም በላይ "እዚህ ቀድሞ ማን ነበር?" የሚለውን ጥያቄ የሚረዳ ሰው ነው።

እኛስ፣ እዚህ ያለነው? ቧንቧ ስንከፍት ውኃው ከገፈርሳና ከለገዳዲ እንደሚመጣ እናውቃለን። ሲጠፋ እንራገማለን፤ ሲመጣ ባልዲ እንደረድራለን። እዚያ ውኃው የተኛበት መሬት ላይ ማን ያርስ እንደነበር ግን አንዳችንም ጠይቀን አናውቅም። ከተሜ ስንባል መጠሪያችን ይኸ ነው፤ የሚመጣልንን እንጂ የመጣበትን አለመጠየቅ። የኖቲንግሃም ሰውም እንደኛው ነበር። ክፉ አልነበረም፤ ጠምቶት ነበር። ያልጠየቀው ስለማያዝን አይደለም፤ ቧንቧው ስለማይናገር ነው።

ስለዚህ ከእንግዲህ አንድ ነገር እንስማማ። ማንም ሰው አረንጓዴ ሥዕል አሳይቶን "እንደዚህ እንሁን" ሲለን ሦስት ነገር እንጠይቀው። ማን ወሰነ? የነበሩት ሰዎች የት ሄዱ? ስማቸውስ የት ተጻፈ? ሦስቱን የመለሰ ሰው ይገድብ፣ ይገንባ፣ ፓርኩንም ይሥራ፤ አብረን እናጨበጭባለን። ካልመለሰ ግን የያዘው ዕቅድ አይደለም፤ የፎቶ ቤት መጋረጃ ነው። መጋረጃ ፊት ቆሞ ፎቶ መነሣት ይቻላል። መኖር ግን አይቻልም።